አስታማሚና ሆስፒታል፦ ከጣርማ በር የታየ ታሪክ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የዛሬው ርእሴ በታሪክ ትምህርት ክፍሎቻችን ብዙም ስለማይነገርለት ሰው ነው። ስለ ሐኪሞች ተጽፏል፤ ስለ ሆስፒታሎች፣ ስለ ወረርሽኞችና ስለ ባህላዊ መድኃኒትም ተጽፏል። ከታማሚው አልጋ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ስለሚያድረው ሰው፣ ስለ አስታማሚ ግን የተጻፈው ጥቂት ነው። ጥያቄውን ይበልጥ አጥብቤ፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለበት ሰው ሆስፒታል ሲተኛ አብሮት ስለሚገባው አስታማሚ እናገራለሁ። ምክንያቴ ግልጽ ነው። ሌላው ታማሚ አስታማሚ ቢያጣ ይቸገራል፤ ይህኛው ታማሚ ግን አስታማሚ ሲያጣ አንደበቱንም ያጣል።

የምነሣበት ቦታ ጣርማ በር ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደጋው በድንገት የሚቆምበትን፣ ቁልቁለቱም ወደ ደብረ ሲናና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድበትን ያንን የገደል አፋፍ ያውቀዋል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ተራራው ተፈልፍሎ ዋሻው እስኪከፈት ድረስ ከቆላው ወደ ደጋው የሚወጣ በሽተኛ በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ ወይም በበቅሎ ጀርባ ይሻገር ነበር። ዛሬም ከደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር የተባለ ታማሚ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በዚያው በር ያልፋል። ተሸካሚው ተለውጧል፤ ከበሽተኛው ጎን የሚቀመጠው ሰው ግን አልተለወጠም። ብዙውን ጊዜ እናት ናት፤ እናት ካለፈች እኅት፣ እኅት ከሌለች የአክስት ልጅ።

ቃሉ ምን ይላል?

ከቃሉ ልጀምር። «አስታመመ» የሚለው ግስ ከ«ታመመ» የወጣ ነው፤ «አስታረቀ» ከ«ታረቀ» እንደ ወጣ ሁሉ። አስታራቂ የሌሎችን ጠብ በራሱ ሥልጣን አያጠፋም፤ በመካከል ቆሞ ዕርቁ እንዲሆን ያደርጋል። አስታማሚም እንዲሁ በሽታውን አይፈውስም፤ ታማሚው በሕመሙ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ አብሮት ይሄዳል። አማርኛ ይህን ሰው ከሁለት ሌሎች ሰዎች ለይቶ ያውቀዋል። ሐኪም ያክማል፤ ጠያቂ ብርቱካኑን ይዞ መጥቶ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ይሄዳል፤ አስታማሚ ያድራል።

ይህ ልዩነት የቃላት ጨዋታ አይደለም። ዘመናዊው ሆስፒታል ወደ አገራችን ሲገባ ይዞት የመጣው ሥርዓት ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ያውቃል፦ ሠራተኛና ጠያቂ። አስታማሚ ሠራተኛ ስላልሆነ ከጠያቂ ጋር ተቆጠረ። የዛሬው ንግግሬ በአመዛኙ የዚህ አቆጣጠር ታሪክ ነው።

ከሆስፒታል በፊት

በዚሁ አውራጃ፣ በአንኮበር፣ የውጭ መድኃኒት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን መታየቱን እናውቃለን። ሚስዮናዊው ክራፕፍ በ1830ዎቹ መጀመሪያ እዚያ ተቀምጧል፤ እርሱን ተከትሎ የመጣው የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ኪርክ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበረው። እነዚህ ተጓዦች በጻፏቸው መጻሕፍት መድኃኒት ፈላጊው ብዙ ነው፤ ንጉሡ ራሱም ከፈላጊዎቹ አንዱ ነበር። የጽሑፎቹ ዋና ጉዳይ መድኃኒቱና ሰጪው ነው። ሌሊቱን ማን እንዳስታመመ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ወደ ሌላ ምንጭ መሄድ ይኖርበታል።

ያ ሌላ ምንጭ ጠበሉ ነው። በሰሜን ሸዋ ከሰላ ድንጋይ አካባቢ የምትገኘው ፃድቃኔ ማርያም እስከ ዛሬ ከየአገሩ ሕሙማን የሚጎርፉባት ደብር ናት። ጠበል ቦታ በሽተኛ ብቻውን አይላክም። የሚጠመቀውን የሚይዝለት፣ ልብሱን የሚለውጥለት፣ ጾሙ ሲፈታ የሚያጎርሰው፣ ያየውን ለካህኑ የሚነግርለት ሰው አብሮት ይሰነብታል። መናገር የማይችል ልጅም ቢሆን በእናቱ አንደበት ይናዘዛል፣ በእናቱ አንደበት ይሳላል። የጠበሉን የፈውስ ኃይል መመዘን የታሪክ ሰው ሥራ አይደለም። የእኔ ትኩረት በአሠራሩ ላይ ነው፦ ጠበሉ አስታማሚን የፈውሱ ሥርዓት አካል አድርጎ ይቀበላል፤ በር ላይ ቁም አይለውም።

ነገሩን ማሳመር ግን አይገባም። አብዛኛው ማኅበረሰብ እንዲህ ያለውን ልጅ በእርግማን፣ በዛር ወይም በሰይጣን ይተረጉመው ነበር፤ ዛሬም የሚተረጉም አለ። «ጅል»፣ «ቂል»፣ «ዘገምተኛ» የሚሉት ቃላት ከዚያ ወርሰናቸው የመጡ ናቸው። እናትም ልጇን የምትደብቀው ከነውሩ ሸሽታ ነው። አስታማሚነቱ በቤት ውስጥ ታላቅ ነበር፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ የአስታማሚዋ ከማኅበራዊ ኑሮ መገለል ነበር።

ሆስፒታል ሲመጣ

ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በአዲስ አበባ የከፈተው ሕክምና የዘመናዊው ሆስፒታላችን መነሻ ነው፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተከተለ። ለርእሳችን ይበልጥ የሚናገረው ግን በ1910ዎቹ አጋማሽ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አማካይነት የተከፈተው ቤተ ሳይዳ ሆስፒታል ነው።

ስሙን አስቡት። ቤተ ሳይዳ በወንጌል የተጠቀሰችው የመጠመቂያ ስፍራ ናት። በዚያ 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ፣ መጻጉዕ፣ ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ የተናገረው ስለ በሽታው አይደለም። ውኃው በሚናወጥበት ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። ቤተ ክርስቲያን የዓቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ በእርሱ ስም ሰይማ በየዓመቱ ታስበዋለች። በአገራችን ቀደምት ከሆኑት ሆስፒታሎች አንዱ እንግዲህ አስታማሚ በማጣት ምክንያት 38 ዓመት ሳይድን የቆየ ሰው በሚታሰብበት ቦታ ተሰየመ። ይኸው ሆስፒታል ኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ስም፣ ከአብዮቱ ወዲህ ደግሞ የካቲት 12 ተብሎ ይጠራል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ የሕፃናትና የወጣቶች የአእምሮ ጤና ክሊኒክ ካላቸው ጥቂት ሆስፒታሎች አንዱ ነው። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ይዛ ከክፍለ አገር የምትመጣ እናት መድረሻዋ ብዙ ጊዜ ያ ግቢ ነው።

ከነጻነት በኋላ ነርስነት ሙያ ሆነ። ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን የሕፃናት ሆስፒታል በነርስነት ሠልጥና በ1934 ዓ.ም. በወጣትነቷ ዐረፈች፤ በስሟ የተሠራው ሆስፒታል ኋላ ተከፍቶ ነርሶችን አሠለጠነ። በ1940 ዓ.ም. የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተቋቁሞ ነበር፤ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። የሙያው መወለድ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በመጽሐፉ መሠረት ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማገላበጥና ሌሊት መጠበቅ የነርስ ሥራ ሲሆን፣ በዋርዱ ውስጥ ያንን ሥራ ለመሥራት የሚበቃ ነርስ አልነበረም። ሥራውን የሠራችው አስታማሚዋ ናት። በሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ሥራው የነርስ ሆኖ ተጻፈ፤ አስታማሚዋ ደግሞ የጉብኝት ሰዓት ሲያልቅ በዘበኛ የምትወጣ ጠያቂ ሆና ቀረች። አገሪቱ በሁለት የሒሳብ መዝገብ ኖረች፦ አንዱ የተጻፈው፣ ሌላው የተሠራው።

የአእምሮ ሕክምናም በዚሁ ዘመን ለብቻው ተለየ። በወረራው ዘመን የተመሠረተው አማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። በዚህ የተነሣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና የአእምሮ ሕመም በአንድ ቅጥር፣ በአንድ ስም ተቆጠሩ። ውስንነት ያለበት ሰው የሳንባ ምች ሲይዘው ወይም እግሩ ሲሰበር «ይህ ወደ አማኑኤል ነው» መባሉ የዚህ ታሪክ ውጤት ነው።

ሕጉ ያየውና ያላየው

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ እንደሚያውቁት፣ አንድ ዘመን ስለ አንድ ሰው ምን እንዳሰበ ለማወቅ ሕጉን ማንበብ እወዳለሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 339 «ዕብድ» የሚለውን ሲተረጉም በአእምሮ ሕመም ወይም በእርጅና ምክንያት የሥራውን ውጤት መረዳት የማይችለውን ብቻ አይደለም የሚጠቅሰው፤ አእምሮው በሚገባ ባለማደጉ ምክንያት መረዳት የማይችለውንም በዚያው ስም ያስገባዋል። በአንቀጽ 342 ደግሞ ነዋሪው ከ2000 በታች በሆነ ቀበሌ አንድ ሰው በግልጽ የታወቀ ዕብድ የሚባለው ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ስለ አእምሮው ሁኔታ ሲጠብቁትና የመዘዋወር ነጻነቱን ሲገድቡት መሆኑን ይደነግጋል።

ይህን ድንጋጌ ከጣርማ በር ሆናችሁ አንብቡት። ሕጉ በገጠር ያለችውን እናት አይቷታል፤ ይህ እውነት ነው። ያያት ግን እንደ አስታማሚ አይደለም፤ እንደ ጠባቂና እንደ ማስረጃ ነው። መጠበቋ የልጇን ችሎታ ማጣት ያረጋግጣል። ለምትጠብቀው ሰው የምታውቀው እውቀት፣ ለድካሟም የሚገባት ድጋፍ በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም። ሕጉ ጠባቂ አደረጋት፤ ሆስፒታሉ ጠያቂ አደረጋት። አስታማሚ ብሎ የጠራት ተቋም አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የመንግሥት ቋንቋ ተሻሽሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን መልሶ ለማቋቋምና ለመርዳት በጀት እንደሚመድብ ይናገራል። በ2002 ዓ.ም. አገሪቱ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች፤ ስምምነቱም እኩል ጥራት ያለው ሕክምናን ይጠይቃል። ነገር ግን እኩል ጥራት ማለት አንድ ዓይነት አያያዝ ማለት አይደለም። የሁሉም አስታማሚ በ12 ሰዓት ይውጣ ማለት እኩል ትእዛዝ ይመስላል፤ መናገር ለሚችለውና ለማይችለው ግን እኩል ሌሊት አይሰጥም።

ታሪክ የሚነግር ሰው

በአማርኛችን አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ምሳሌው መናገር የሚችል በሽተኛን ያስባል። መናገር የማይችለው ሳይደብቅ ተደብቆበታል።

ሐኪሞች የመጀመሪያ ሥራቸውን «ታሪክ መውሰድ» ይሉታል። በዚህ ቃል እኛ የታሪክ ሰዎችና እነርሱ ዘመዶች ነን። መቼ ጀመረህ? የት ያምሃል? ከዚህ በፊት ታመህ ታውቃለህ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የቃል ምስክር ያስፈልጋል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ባለበት ሰው ዘንድ ግን ሕመም ብዙ ጊዜ በቃል አይነገርም፤ በባሕርይ ይገለጣል። ምግብ መተው፣ ራስን መምታት፣ መጮኽ፣ ወይም ጭራሽ ዝም ማለት። ይህንን ቋንቋ መተርጎም የሚችለው ከዚያ ሰው ጋር ዓመታት የኖረ ብቻ ነው።

ከራሴ ቤተሰብ አንድ ነገር ልጥቀስ። በ1980ዎቹ ከጣርማ በር የአክስቴ ልጅ ታሞ ወደ አንድ ሆስፒታል ተወሰደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከጥቂት ድምፆች በቀር አይናገርም ነበር። አክስቴ የመጀመሪያውን ሌሊት እንድታድር አልተፈቀደላትም፤ ከአጥሩ ውጭ አደረች። ሌሊቱን ልጁ ምግቡን ገፋ፣ የእጁን ግሉኮስ ነቀለ፣ ጮኸ። ጠዋት ስትገባ እጆቹ ከአልጋው ጋር በሻሽ ታስረው፣ በካርዱም ላይ «አስቸጋሪ» ተብሎ ተጽፎ አገኘችው። አጠገቡ ቁጭ ብላ ጥቂት ካየችው በኋላ ለነርሷ የነገረቻት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ «እንዲህ አንገቱን ሲሰብር ጆሮው ነው።» ጆሮው ሲታይ መግል ይዞ ነበር። ያንን ሌሊት ተረኛ የነበሩትን አልወቅስም፤ ለብዙ ሰው ጥቂት ሆነው ያድሩ እንደነበር አውቃለሁ። ከመዝገቡ የጎደለው ግን መድኃኒት አልነበረም፤ ምስክር ነበር። «አስቸጋሪ» የሚለው ቃል በካርዱ ላይ ቀርቷል፤ የአክስቴ ቃል ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ አልሰፈረም። ወደፊት የዚያን ሆስፒታል መዛግብት የሚመረምር የታሪክ ተማሪ የሚያገኘው አስቸጋሪውን ታማሚ ብቻ ነው።

የወላጆች ድምፅ

ዝምታውን የሰበሩት ተቋማት ሳይሆኑ ወላጆች ናቸው። በ1994 ዓ.ም. ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ራሷ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የሆነች፣ በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈተች። ወይዘሮ ዘሚ በ2013 ዓ.ም. እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በአደባባይ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን «ልጄን አልደብቅም» በሚል መንፈስ መኖሯ ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ አደረገ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በወላጆች ጥረት ተከተለ። በሕክምናው በኩል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። በዚያው ዓመት የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ የጤና ሠራተኛን እስከ ቀበሌ አወረደ።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠናም በአዲስ አበባና በቡታጅራ ተሞክሯል። ሥልጠናው የዕድገት ችግር ያለባቸውን ከ2 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ለሚንከባከቡ ሰዎች ነው፤ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት አለው። ልጁ በጨዋታና በዕለት ተዕለት ሥራ እንዲግባባ ማድረግን፣ አስቸጋሪ የሚባለው ባሕርይ ምን እንደሚናገር ማስተዋልን ያስተምራል። አስታማሚዋ ራሷን እንድትንከባከብም ጊዜ ይሰጣል። በታሪክ ዓይን ትልቁ ነገር ይህ ነው፦ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቲቱ እንደ ጠባቂ ወይም እንደ ጠያቂ ሳትሆን እውቀት እንዳላትና እውቀት እንደሚገባት ሰው ተቆጠረች። ሥልጠናው ግን በቤትና በማኅበረሰብ ውስጥ ይቆማል፤ ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ እንደገና ጠያቂ ናት።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

«እኛ ስለ ደኸየን ነው አስታማሚ የሚያስፈልገን፤ ነርስ ሲበዛ ይቀራል» የሚል አስተያየት ደጋግሜ እሰማለሁ። የእንግሊዝ ታሪክ ይህን አይደግፍም። በዚያ አገር ነርስ ሳይጎድል ወላጆች ከሕፃናት ዋርድ ለረጅም ጊዜ ታግደው ኖረዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው የፕላት ሪፖርት ነው ወላጅ በፈለገ ጊዜ እንዲገባ የመከረው። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች ግን ችግሩ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ሜንካፕ የተባለው ድርጅት በሕክምና ተቋማት የሞቱ 6 ሰዎችን ታሪክ አሳተመ፤ ቤተሰቦች የተናገሩት አለመሰማቱ ከክሶቹ ዋነኛው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይፋዊ ምርመራ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ፦ ወንዶቹ በ13 ዓመት፣ ሴቶቹ በ20 ዓመት። ዛሬ በብዙ ሆስፒታሎቻቸው «የሆስፒታል ፓስፖርት» የሚባል ወረቀት አለ፤ ሰውየው እንዴት እንደሚግባባ፣ ሕመሙን በምን እንደሚያሳይ፣ ምን እንደሚያስፈራው ቤተሰቡ ይጽፍበታል።

እንግሊዝ በብዙ ሞት የተማረችውን እኛ በቋንቋችን ውስጥ አስቀድመን ነበረን። የጎደለን አስታማሚን ያወቀ ተቋም ነው።

ምን ይደረግ?

የታሪክ ሰው መመሪያ አያወጣም፤ የታሪክ ምርምር የሚያሳየውን ግን መናገር ይችላል። ከላይ ካየነው ሦስት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ አስታማሚ ከጠያቂ ተለይቶ በመዝገብ ይግባ። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ሰው ሲተኛ አስታማሚው ሌሊትም ቀንም የመቆየት ፈቃድ በካርዱ ላይ ይጻፍለት፤ በዘበኛ በጎ ፈቃድ ላይ አይንጠልጠል።

ሁለተኛ፣ የአስታማሚው ቃል የሕክምናው ታሪክ አካል ይሁን። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ሲያመው ምን ያደርጋል፣ ሲደሰት ምን ያደርጋል፣ ምን ይበላል፣ ማን ሲነካው ይረጋጋል። ማንበብ የማትችል እናት ትናገር፤ ነርሷ ትጻፍ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሦስተኛ፣ አስታማሚም ሰው ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተመረጡ ወረዳዎች የተሞከረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ለብዙ አርሶ አደር አቅልሏል። ከደብረ ሲና የመጣች እናት የትራንስፖርት፣ የእንጀራና የማደሪያ ወጪ፣ በቤት የቀሩት ልጆችና ያልታረሰው ማሳ ግን ከዚያ ስሌት ውጭ ናቸው። አስታማሚዋ ስትወድቅ ታማሚው ሁለት ጊዜ ይወድቃል።

ለተማሪዎቼ የምተወው ደግሞ የቤት ሥራ ነው። በዚህ ዞን፣ በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በአንኮበር 30 እና 40 ዓመት ልጆቻቸውን ያስታመሙ እናቶች በሕይወት አሉ። በየሆስፒታሉ ምን እንደገጠማቸው፣ ማን እንዳስገባቸው፣ ማን እንዳስወጣቸው፣ ልጃቸው ያላለውን እንዴት እንዳወቁ ይናገራሉ። የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ የሠለጠናችሁ እናንተ ናችሁ፤ የጤና ሳይንስ ተማሪዎችም በዚሁ ከተማ፣ በአስራት ወልደየስ ካምፓስ፣ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። ሁለታችሁ አብራችሁ ብትወጡ የምታመጡት የታሪክ ሰነድም የሕክምና መሣሪያም ይሆናል። እናቶቹ ግን እያረጁ ነው። ከእነርሱ በኋላ ልጆቻቸውን ማን ያስታምማል የሚለው ጥያቄ የእያንዳንዳቸው የሌሊት ጭንቀት ነው፤ ቢያንስ የሚያውቁት ነገር ከእነርሱ ጋር እንዳይቀበር ማድረግ እንችላለን።